ሳይቃጠል በቅጠል፦ የትራንስፎርመር ዘይት ምስክርነትና ጆሮ የሚነፍጉ ተቋማት

እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2025 ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በምዕራብ ለንደን ሄይስ በተባለው አካባቢ በሚገኘው የኖርዝ ሃይድ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ አንድ ግዙፍ ትራንስፎርመር በእሳት ተያያዘ። ከ66 ሺህ በላይ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው። ለንደንን ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይና ከዋሽንግተን ጋር የሚያገናኘው የሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያም በማግስቱ አብዛኛውን ቀን ተዘግቶ ዋለ፤ ከ1,300 በላይ በረራዎች ተስተጓጎሉ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሴራና የጥቃት ግምት በየማኅበራዊ መገናኛው ተናፈሰ።

እውነቱ ግን ከሴራ ይልቅ ተራ ነገር ነበር፤ ተራነቱም ነው ይበልጥ አሳሳቢ የሚያደርገው። የብሪታንያ ብሔራዊ የኃይል ሥርዓት ኦፕሬተር በጁላይ 2025 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት እንደገለጸው፣ የእሳቱ መነሻ ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከመውን መስመር ወደ ትራንስፎርመሩ ሆድ የሚያስገባው፣ ቡሺንግ የሚባለው ክፍል ድንገት መፈንዳት ነው። ለፍንዳታው ምክንያት የመሆን ዕድሉ ከሁሉም የላቀው ደግሞ ወደዚያ ክፍል የሰረገ እርጥበት ነው። ሪፖርቱ ሌላም ነገር ይዟል። በጁላይ 2018 ከዚያው ቡሺንግ ተቀድቶ በተመረመረ የዘይት ናሙና ላይ ከፍተኛ የእርጥበት መጠን ተገኝቶ ነበር። በኢንዱስትሪው መመሪያ መሠረት እንዲህ ያለ ውጤት ብልሽት መቃረቡን የሚያመለክትና ክፍሉ እንዲቀየር የሚያስገድድ ነው። ክፍሉ ግን አልተቀየረም።

እንግዲህ ነገሩ በሁለት የጊዜ መለኪያዎች ሊታይ ይችላል። የኤሌክትሪክ ፍንጣቂው ዘይቱን ሰንጥቆ ለማለፍ የፈጀበት ጊዜ ዓይን ከሚርገበገብበት እጅግ ያነሰ ነው። ማስጠንቀቂያው ሰሚ ሲጠብቅ የቆየው ግን 6 ዓመት ከ8 ወር ነው። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ያለው ርቀት የፊዚክስ ጉዳይ ሳይሆን የተቋማት ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ የኃይል መረባቸውን በፍጥነት እየዘረጉ ያሉ አገሮች ከለንደኑ እሳት ሊወስዱት የሚገባው ትምህርትም ይኸው ነው፤ ዘይትን መመርመር ብቻውን ደኅንነት አይደለም፤ ውጤቱን ተከትሎ እርምጃ የመውሰድ ግዴታ ካልታሰረበት ምርመራው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የማይታየው ጠባቂ

በከተማ ዳር አጥር ተከልሎ የሚያጓራ ትራንስፎርመር ላይ ላዩን ሲያዩት የብረት ሣጥን ነው። በውስጡ ግን በወረቀት የተጠቀለለ የመዳብ ጥቅል በብዙ ሺህ ሊትር ዘይት ውስጥ ተዘፍቆ ይኖራል። ዘይቱ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ሙቀትን ከመዳቡ ተቀብሎ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከፍተኛው ቮልቴጅ ከመዳብ ወደ ብረት ዘሎ እንዳይሻገር መከላከል ነው። ያለዚህ ፈሳሽ ዛሬ የሚታየው ትራንስፎርመር በብዙ እጥፍ ገዝፎ መሠራት ነበረበት።

ለዚህ ማስረጃው ቀላል ነው። አየር በአንድ ሚሊ ሜትር ርቀት የሚቋቋመው 3 ኪሎ ቮልት ገደማ ነው። የዘይትን ብርታት ለመለካት ደግሞ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ፈተና አለ። ሁለት የብረት ጫፎች በ2.5 ሚሊ ሜትር ርቀት ዘይት ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ቮልቴጁ በየሰከንዱ 2 ኪሎ ቮልት እየጨመረ ይሄዳል፤ ብልጭታ ዘሎ ሲሻገር ቁጥሩ ይመዘገባል። በደንብ የተጣራና የደረቀ አዲስ ዘይት በዚህ ፈተና 70 ኪሎ ቮልትና ከዚያ በላይ እንዲቋቋም ይጠበቃል። በዚያው ርቀት አየር ከ10 ኪሎ ቮልት ብዙም አያልፍም።

ፈተናው ስድስት ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ እንዲወሰድ መደረጉ ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ዘይት፣ በአንዱ ዕቃ፣ በአንዱ ቀን ስድስት የተለያዩ ቁጥሮች ሊሰጥ ይችላል። ፈሳሽ የሚሸነፈው በአማካይ ጥንካሬው ልክ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት በደከመበት ነጥብ ነውና። ስለዚህም ትራንስፎርመሩ በገዘፈ፣ ለቮልቴጅ የተጋለጠው ዘይት በበዛ ቁጥር አንድ ደካማ ነጥብ የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል። የዘይት ብርታት ቋሚ ቁጥር አይደለም፤ የዕድል ስሌት ነው። ይህን ያልተረዳ ሥራ አስኪያጅ «እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም» የሚለውን ሐረግ እንደ ማስረጃ ሊቆጥረው ይችላል።

ፈሳሽ እንዴት ይሸነፋል?

ዘይት ውስጥ የሚነሳ ፍንጣቂ እንደ መብረቅ ቅርንጫፍ እያወጣ የሚሄድ ነገር ነው። የብረት ጠርዝ ወይም ሹል ነገር ባለበት ቦታ የኤሌክትሪክ መስኩ ይበረታል፤ የዘይቱ ሞለኪውሎች ኤሌክትሮን ይነጠቃሉ፤ ከሚፈጠረው ሙቀት የተነሳ እጅግ ጥቂት ዘይት ተኖ ቀጭን የጋዝ ቀዳዳ ይከፈታል። ያ ቀዳዳ እያበራ፣ እየተከፈለም ወደ ፊት ይገሰግሳል። በቤተ ሙከራ በፈጣን ካሜራ ሲነሣ ሥሩን ወደ መሬት የሚሰድ ዛፍ ይመስላል። በመካከለኛ ቮልቴጅ በሰከንድ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ በሰከንድ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል። በዝግተኛው ፍጥነት እንኳ 5 ሴንቲ ሜትር ዘይትን ለማቋረጥ የሚያስፈልገው 25 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ነው። ማዶ ሲደርስ ሙሉው ኃይል በዚያ መንገድ ይጎርፋል፤ ዘይቱ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙም ብረቱን ይሰነጥቃል።

ንጹሕ ዘይት በአግባቡ በተሠራ ትራንስፎርመር ውስጥ ለዚህ በቀላሉ አይዳረግም። መንገዱን የሚጠርጉት ሦስት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ጭረት፣ አረፋና ውኃ ናቸው።

ከወረቀቱ የሚረግፉ ጭረቶች በኤሌክትሪክ መስኩ እየተሳቡ ጫፍ ለጫፍ ይገጣጠሙና ድልድይ ይሠራሉ። ጭረቱ እርጥብ ከሆነ ድልድዩ ይበልጥ አስተላላፊ ይሆናል። አረፋም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ በአረፋው ውስጥ ያለው ጋዝ ከዘይቱ እጅግ የደከመ ሆኖ ሳለ በውስጡ የሚያልፈው መስክ በዙሪያው ካለው 20 በመቶ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ብልጭታው መጀመሪያ የሚነሣው አረፋው ውስጥ ነው። መሐንዲሶች ይህን ከፊል ፍንጣቂ ይሉታል፤ ከዳር እስከ ዳር አይሻገርም፤ ነገር ግን በየቅጽበቱ ወረቀቱን እየቆረጠመ ለትልቁ ብልጭታ መንገድ ያዘጋጃል።

ከሁሉም ይልቅ ተንኮለኛው ውኃ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዘይት ሊያሟሟው የሚችለው ውኃ በሚሊዮን ውስጥ 50 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ግን ብዙ እጥፍ ይሸከማል። በትራንስፎርመር ውስጥ አብዛኛው ውኃ የሚኖረው በወረቀቱ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ከወረቀቱ ወደ ዘይቱ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። ችግሩ ዘይቱ የሚቀዘቅዘው ወረቀቱ ውኃውን መልሶ ከሚመጥበት ፍጥነት በላይ መሆኑ ነው። በዚህ የተነሳ በሙቀት ሰዓት ተሟሙቶ የነበረው ውኃ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ጠብታነት ሊጠጋ ይችላል። አደጋው የሚከፋው ሸክሙ ጣሪያ በነካበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ሸክሙ ወርዶ ሁሉም ሰው እፎይ ባለበት ሰዓትም ነው።

የዘይት ቋንቋ

ይህ ሁሉ በድብቅ የሚካሄድ ቢሆን ኖሮ ማንንም መውቀስ ባልተገባ ነበር። ነገር ግን ዘይት ምስክር ነው። በውስጡ የሚያልፈውን ሁሉ ይመዘግባል። ከፊል ፍንጣቂ ሲኖር ሃይድሮጂን ይፈጠራል። ዘይቱ ከልክ በላይ ሲግል ኢትሊን ይበዛል። ወረቀቱ ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣሉ። አሴቲሊን በርከት ብሎ ከተገኘ ደግሞ በሆዱ ውስጥ ብርቱ ብልጭታ መዝለሉን ይመሰክራል፤ ይህ ጋዝ በብዛት የሚፈጠረው ብልጭታ በሚያስከትለው እጅግ ከፍተኛ ሙቀት ነውና። ካናዳዊው ኬሚስት ሚሼል ዱቫል በ1970ዎቹ ሚቴንን፣ ኢትሊንንና አሴቲሊንን በአንድ ሦስት ማዕዘን ላይ በማስቀመጥ የበሽታውን ዓይነት ለመለየት የሚያስችል ዘዴ አበጀ። እስከ ዛሬም በመላው ዓለም የሚያገለግል ዘዴ ነው። ከእርሱ በፊት፣ በ1921፣ ጀርመናዊው ማክስ ቡኽሆልዝ ከዘይቱ የሚወጣውን ጋዝ አጠራቅሞ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ መሣሪያ ፈልስፎ ነበር።

ስለዚህ እውቀቱ አዲስ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ናሙናውም በስሪንጅ የሚቀዳ ጥቂት ዘይት ነው። ለትራንስፎርመሩ የሚደረገው ይህ ምርመራ ለሰው ከሚደረገው የደም ምርመራ ብዙም አይለይም።

እርግጥ ምርመራው የራሱ ወሰን አለው። ቡሺንጉ ከዋናው ጋን ተለይቶ የታሸገ የራሱ ዘይት አለው። የዋናው ጋን ዘይት በየጊዜው ቢመረመርም ስለ ቡሺንጉ ጤና አይናገርም። የቡሺንጉ ዘይት ጥቂት ስለሆነና ሲከፈት ራሱ እርጥበት ሊያስገባ ስለሚችል ናሙና በተደጋጋሚ አይወሰድበትም። በኖርዝ ሃይድ የሆነው ነገር የሚያስቆጨው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኘው ምስክርነት ተገኝቶ ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም።

ጆሮ ዳባ ልበስ

የለንደኑ ሪፖርት የሚያሳየው ድህነትን አይደለም። ቤተ ሙከራ ነበረ፤ ባለሙያ ነበረ፤ መመሪያ ነበረ፤ ገንዘብም ነበረ። የጎደለው በውጤቱና በእርምጃው መካከል ያለው ሰንሰለት ነው። ቁጥሩ ከቤተ ሙከራው ወጣ፤ ነገር ግን «ይህን ቁጥር ተቀብዬ እስከዚህ ቀን ድረስ ክፍሉን እቀይራለሁ» የሚል ባለቤት አላገኘም። በ2022 ሊደረግ የታቀደው የጥገና ሥራም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። የአገሪቱ የኃይል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኦፍጌም ሪፖርቱን ተከትሎ በመስመሩ ባለቤት ኩባንያ ላይ ምርመራ ከፈተ።

እዚህ ላይ የመሐንዲሶች መደበኛ መከራከሪያ ይነሳል። አንድ ትልቅ የኃይል ኩባንያ በዓመት ብዙ ሺህ ናሙናዎችን ይመረምራል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በአቀዳድ ስህተት ብቻ ከፍ ብለው ሊገኙ ይችላሉ፤ እርጥብ ስሪንጅ ብቻውን የሐሰት ማስጠንቀቂያ ይፈጥራል። በእያንዳንዱ ከፍ ያለ ቁጥር ትራንስፎርመር ይጥፋ ከተባለ አገር በጨለማ ትዋጣለች። ክርክሩ እውነት አለው። ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚከተለው ናሙናውን በአስቸኳይ ደግሞ መመርመር እንጂ መዝገቡን ማጠፍ አይደለም። የተጠራጠረ ሐኪም በሽተኛውን ለድጋሚ ምርመራ ይቀጥረዋል፤ ውጤቱን መሳቢያ ውስጥ አኑሮ ሰባት ዓመት አይጠብቅም።

ሌላው መከራከሪያ ዘይቱን መለወጥ ነው። ከዕፅዋት የሚገኙ ኤስተር የተባሉ ፈሳሾች ከ300 ዲግሪ በላይ ካልደረሱ ነበልባል አይዙም፤ በአፈር ውስጥም በቀላሉ ይበሰብሳሉ። በከተማ መሐልና በሕንፃ ሥር ለሚቀመጡ ትራንስፎርመሮች ተመራጭ መሆናቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከቁጥጥር ነጻ አያወጡም። በረጅም ርቀት ላይ በእነርሱ ውስጥ የሚነሣው ፈጣኑ ፍንጣቂ ከማዕድን ዘይት ይልቅ ባነሰ ቮልቴጅ ሊቀሰቀስ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል። ከዚህ ቀደምም እሳትን ለማስቀረት ሲባል ፒሲቢ የተባለ ኬሚካል በሰፊው በትራንስፎርመር ውስጥ ተጨምሮ ነበር፤ ለእሳት አስተማማኝ ሆኖ ሲገኝ ለሰው ጤናና ለአካባቢ ግን መርዝ ሆነ። ዛሬ ዓለም በስቶክሆልም ስምምነት አማካይነት እየለቀመ እያስወገደው ነው። ፈሳሽ መቀየር የችግሩን መልክ ይለውጣል እንጂ የመከታተልን ግዴታ አይሽርም።

ከግድቡ ጀርባ

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙ በየአደባባዩ ተነገረ። በየአገሩ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቦንድ ገዝተው፣ ገንዘብ አዋጥተው የደገፉት ሥራ ነውና ደስታው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከተርባይኖቹ የሚወጣው እያንዳንዱ ዋት ወደ 500 ኪሎ ቮልት ከፍ ብሎ ጉዞውን ከመጀመሩ በፊት በዘይት በተሞላ ትራንስፎርመር ውስጥ ያልፋል። ወደ ከተማ ሲደርስ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ዝቅ የሚለው እንዲሁ በዘይት ውስጥ አልፎ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት ትራንስፎርመሮች ካልቆሙ አይቆምም።

የአገሪቱ አቀማመጥም የራሱን ፈተና ያክላል። ብዙ ትራንስፎርመሮች ዘይታቸው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ አየር ያስወጣሉ፤ ያስገባሉም። የሚገባው አየር እርጥበቱን የሚተወው ሲሊካ ጄል በተሞላ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ነው። ያ ማሰሮ እርጥበት ሲጠግብ ቀለሙ ይለወጣል፤ ያልተቀየረ እንደሆነ የክረምቱ አየር ቀጥታ ወደ ዘይቱ ይገባል። እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ከተሞች ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ የቡሺንጉ ውጫዊ ክፍል ከባሕር ጠለል ባነሰ ቮልቴጅ ሊሸነፍ ይችላል፤ በግዢ ጊዜ ይህ ካልታሰበበት በኋላ የሚካስ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላሉ አንባቢያን ደግሞ ፈተናው በተቃራኒው ነው፤ በተለመደው የስሌት መመሪያ መሠረት የመደበኛው ወረቀት የእርጅና ፍጥነት ሙቀቱ በ6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል።

በጎረቤት ኬንያ ሌቦች የትራንስፎርመር ዘይትን እየቀዱ ለምግብ መጥበሻ ሲሸጡት መኖራቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ይህ በአንድ በኩል የጤና ጥፋት ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሕዝቡ ያ ፈሳሽ ምን እንደሆነ አለመረዳቱን ያሳያል። ዘይቱ የጎደለበት ትራንስፎርመር ጠባቂው የሸሸ ቤት ነው።

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ደግሞ መጠገኛው ሩቅ ነው። ትልልቅ ትራንስፎርመሮች በዓለም ገበያ እጥረት ውስጥ ናቸው፤ ዛሬ የታዘዘ ግዙፍ ትራንስፎርመር እስኪደርስ እስከ 4 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ለንደን በአንድ ሌሊት ከተሰበረባት መስመር ወደ ሌላ መስመር ዞረች። አማራጭ መስመር የሌለው አንድ የክልል ከተማ፣ ወይም በአንድ ትራንስፎርመር ላይ የተንጠለጠለ ሆስፒታል፣ ወደ የትኛው ሊዞር ነው?

ምን ይደረግ?

መፍትሔው የተወሳሰበ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ የዘይት ምርመራ ውጤት ስሙ የተጻፈ ባለቤትና የተቆረጠ ቀን ይኑረው። ከገደብ ያለፈ ቁጥር በመጣ ጊዜ ሦስት ምርጫ ብቻ ይኑር፦ በአስቸኳይ መድገም፣ መጠገን፣ ወይም «አደጋውን አውቄ ተቀብያለሁ» ብሎ ከፍ ባለ ኃላፊ መፈረም። ዝምታ አራተኛ ምርጫ መሆን የለበትም።

ሁለተኛ፣ አዲስ ጣቢያ ሲገነባ የዘይት ቤተ ሙከራው፣ የባለሙያው ሥልጠናና ተጠባባቂው ቡሺንግ ከውሉ ጋር አብረው ይገዙ። ግንባታው ካለቀ በኋላ ለጥገና የሚፈለግ በጀት ሁልጊዜ ከሪባን መቁረጫው ኋላ ይቀራልና።

ሦስተኛ፣ ትልቅ ትራንስፎርመር በተቃጠለ ቁጥር ምክንያቱ ለሕዝብ ይገለጥ። ብሪታንያ በእሳቱ ብታፍርም የራሷን ጥፋት በዝርዝር አሳትማለች፤ ሌላው ዓለም ዛሬ ከስህተቷ መማር የቻለው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። «በቴክኒክ ብልሽት» የሚለው አጭር መግለጫ ግን ማንንም አያስተምርም፤ ቀጣዩንም እሳት አያስቀርም።

በመጨረሻም፣ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የኃይል ኩባንያዎች ውስጥ የሚሠሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ለአገራቸው ሊያበረክቱት የሚችሉት አንዱ ትልቅ ነገር ይህ የአሠራር ልምድ ነው። ለግድቡ የተዋጣው ገንዘብ ውኃውን አቁሟል። ያን ኃይል ለሚቀጥሉት 40 ዓመታት ከየቤቱ የሚያደርሰው ግን በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ከጋኑ ጥቂት ዘይት የሚቀዳ ባለሙያ፣ ያ ባለሙያ የጻፈውን ቁጥር የሚያነብ ኃላፊ፣ ኃላፊው ባያነብም የሚጠይቀው ሕግ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለጎጆ ነበር፤ ለ500 ኪሎ ቮልትም ይሠራል።